አባዬና አረንጓዴዋ ማንቆርቆሪያ

ሰኞ፣ ቡታጅራ

አባዬ በመጨረሻ የሠራሁለትን አምባር አሰረ። "እኔ ጥጃ ነኝ እንዴ የምታስሪኝ?" እያለ ሲያስለምነኝ ነው የከረመው።

ግድግዳው ላይ የለጠፍኳቸው ሴንሰሮች አምባሩን እየተከተሉ፣ ሳሎን ይሁን መኝታ ቤት፣ ያለበትን ለእማዬና ለኔ ስልክ ይነግራሉ። አምባሩ ከወደቀ ወይም በኃይል ከተነቀነቀ ስልካችን ይጮኻል። የመመረቂያ ፕሮጀክቴ ነው። እውነቱን ለመናገር ግን የባለፈው ወር ነገር ነው ያስጀመረኝ። ሽንት ቤቱም ያለበት መታጠቢያ ቤት ውስጥ ወደቀና እማዬ ጓሮ እንሰት ፍቃ እስክትመለስ እዚያው ተኝቶ ቆየ። ጎረቤታችን እትዬ ዘይነባ ከግድግዳው ማዶ ነበሩ፤ አልተጣራም። ለምን ስለው "ሽንት ቤት ውስጥ ይወራል እንዴ? ሃይማኖታችን አይወድም" አለኝ።

ማክሰኞ

ጉድ ፈላ። ስልኬ አባዬ መስኮት ላይ ነው ይላል። ከዙሁር ሶላት በፊት መስኮት፣ ከአሱር ሶላት በፊትም መስኮት። ሄጄ ሳይ አምባሩ ብቻውን ተቀምጧል። ለውዱእ፣ ለሶላት ሊታጠብ፣ አውልቆት ነው። ውሃ አያበላሸውም ስለው "ውሃው ቆዳዬን ካልነካማ ምኑን ውዱእ ሆነ" አለ። እውነቱን ነው።

ስለዚህ አምባሬ የትም ይከተለዋል፣ የሚወድቅበት ቦታ ብቻ አይገባም። ጎበዝ ነኝ። ራትም አልበላ አለኝ።

ረቡዕ

ጠዋት መታጠቢያ ቤት ሲገባ ከኋላው ቆሜ አየሁት። በአንድ እጁ ግድግዳውን ተደግፏል፣ በሌላኛው የሚታጠብባትን አረንጓዴ የፕላስቲክ ማንቆርቆሪያ ይዟል። አምባሩን ጥሎ ይገባል፤ እሷን ጥሎ ግን ገብቶ አያውቅም!

ከአምባሩ ውስጥ ያለችውን ትንሿን ዕቃ አውጥቼ በፌስታል ጠቀለልኩና ማንቆርቆሪያዋ እጀታ ላይ በፕላስተር አሰርኩ። ነቀነቅኳት፤ የእማዬ ስልክ ከቀሚሷ ኪስ ውስጥ ጮኸ። አባዬ እጁ ነፃ በመውጣቱ ደስ ብሎታል። "እሷ ትታሰር" አለ።

ሐሙስ፣ ጉብሬ

ወደ ዩኒቨርሲቲው ግቢ ተመለስኩ። ገና ሻንጣዬን ሳልፈታ ስልኬ "አባዬ ከቤት ወጥቷል" አለኝ። በዚያ እግሩ! ደወልኩ፣ ራሱ አነሳ።

"የት ነህ?"

"አልጋዬ ላይ። ምነው?"

"ማንቆርቆሪያዋስ?"

"ዘይነባ ቤት እንግዳ መጥቶ እናትሽ አዋሰቻት።"

ዶርም ያሉት ልጆች እስኪያፈጡብኝ ሳቅሁ። ለጎረቤት የምናውሳት ሌላ ማንቆርቆሪያ ይገዛ ብያለሁ።

ዓርብ

ከጁምዓ ሶላት በፊት ስልኬ ጮኸ። መታጠቢያ ቤት ይላል። ለእማዬ ደወልኩ፣ አታነሳም። ደገምኩ፣ አታነሳም። ለሦስተኛ ጊዜ ደወልኩ።

ስታነሳ ታለከልካለች። ጓሮ ነበረች፤ ስልኳ ሲጮኽ በጭቃ እጇ ሮጣ ገባች። አባዬ ጉልበቱ ከድቶት ወለሉ ላይ ተቀምጧል፤ አልተጎዳም፣ መነሳት ብቻ አቅቶት ነበር፤ ደግፋ ሳሎን አውጥታዋለች።

"ማንቆርቆሪያዋ ወድቃ ነው የጮኸችው?" አልኳት።

"ኧረ የለም፣ ይዞ ሲነቀንቃት ነው ያገኘሁት።"

አባዬ ስልኩን ተቀበላት። "ጠራኋት እኮ" አለኝ፣ ኮራ ብሎ። "አንዲት ቃል ሳልተነፍስ።"

ባጃጅ ተጠርቶለት ለጁምዓ ደርሷል። አልሐምዱሊላህ። እኔ እዚህ ቁጭ ብዬ አንዴ አለቅሳለሁ አንዴ እስቃለሁ። ፕሮጀክቴ ርዕሱ ላይ "ሰው በሚለብሰው መሣሪያ" ይላል፤ ሰኞ አማካሪዬን ምን እንደምለው አላውቅም።