ያላጠፋሁት ብሬከር

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 11 ቀን 2018 ዓ.ም.

ሐይቁ ዳር ባለው ሆቴል የአዳራሹን ሽቦ ስንቀይር ከተማው መብራት አልነበረውም። ሙያውን ያስተማሩኝ ጋሽ ውበቱ መሰላሉ ላይ ሆነው «ብሬከሩን አጥፍተኸዋል?» ቢሉኝ «አዎ» አልሁ። አላጠፋሁትም። መብራቱ እንደሁ የለም፣ ማን ምድር ቤት ድረስ ይወርዳል ብዬ ነው።

ትንሽ ቆይቶ ከማድቤት «መጣ! መጣ!» የሚል ጩኸትና ጭብጨባ ተሰማ። በዚያችው ቅጽበት ጋሽ ውበቱን ኤሌክትሪኩ ከመሰላሉ ወርውሮ ጣላቸው። ነፍሳቸው ተርፋለች፤ ቀኝ እጃቸው ግን ተቃጥሏል።

ሐኪም ቤት የሆቴሉ ሥራ አስኪያጅ ሲያፈጥብኝ «እሱን አይቆጡት፤ ብሬከሩን አጥፍቶት ነበር» አሉልኝ።

ቤታቸው ሳደርሳቸው በደህናው እጃቸው ትከሻዬን ያዝ አድርገው «ነገ አብረን ሄደን ማን እንዳበራው እናጣራለን» አሉኝ።

«እሺ» አልሁ።