የሮባ እጅ ጽሑፍ

ፌብሩዋሪ 26፣ 2020
ምሳ ላይ የምሠራበት የሐበሻ ሬስቶራንት ጭር ብሎ ዋለ። ደንበኛችን ጋሽ ሚልኪያስ ሽሯቸውን ሳይጨርሱ ያንኑ ወሬ አነሱ። "እዚህ ሜንጎ ሰፈር ያለው አሮጌ ቤተ መጻሕፍት፣ የእንግዶች መዝገቡ ላይ ፈርመናል። እኔና ሮባ። ተማሪዎች ሆነን ከአገር ቤት ለጉብኝት መጥተን፣ በሃምሳ ስድስት።" ጓደኛቸውን ሮባን ደርግ ወስዶ አስቀረው። ፎቶ የለ፣ መቃብር የለ። "እጅ ጽሑፉን አንዴ ባየው..." ዓይናቸው ደግሞ እየደከመ ነው፤ ግላኮማ። እኔ ሄጄ እፈልገዋለሁ አልኩ። አፌ መቼ ያርፋል?

ማርች 11
ሄድኩ። ጠባቂዋ ሴትዮ ጓንት አስጠልቃ የ1956ን መዝገብ ሰጠችኝ። ሚስዮናውያን፣ የእንግሊዝ ሹማምንት፣ ዝናብ ያስገባው የቲያትር ቡድን... የኛ ሰው የለም። ሁለቴ ገለጥኩት።
ማታ ነገርኳቸው። "የለም? ታዲያ እኔ ዋሸሁ?" ሽሮው ቀዘቀዘ።

ማርች 31
በኮሮናው ሁሉም ተዘጋ። ቦዳ ሞተር የለ፣ ታክሲ የለ። ሬስቶራንቱም።

ኤፕሪል 19
ፋሲካ፣ ብቻዬን። እማዬ ከአዲስ አበባ ደወለች። "በሃምሳ ስድስት ነው የተወለድኩት፣ ስንቱን አሳልፌያለሁ! ይሄም ያልፋል።"
ሃምሳ ስድስት... በኛ አቆጣጠር እኮ ነው! በፈረንጅ ስልሳ ሦስት። ምን ነክቶኝ ነው? ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ። ለጋሽ ሚልኪያስ ደወልኩላቸው። "ሲከፈት ትሄጂያለሽ" አሉኝ።

ጁን 20፣ 2021
ቤተ መጻሕፍቱን መጀመሪያ ጣሪያው ይጠገናል ብለው አቆዩት። ሊከፈት ነው ሲሉ ኮሮናው አገረሸ፣ እንደገና ተዘጋ። ሴትዮዋ በስልክ "ሶሪ፣ ሶሪ" ብቻ። ቡኮቶ ቤታቸው ድረስ በእግሬ ሄጄ ጋሽ ሚልኪያስን ጠየቅኳቸው። የዓይን ጠብታው ካለቀ ቆይቷል። በድምፄ ነው የለዩኝ። "ተይው በቃ፣ ልጄ።" ምን ላድርግ? ምንም።

ጥር 13፣ 2014፣ በኛ
ተከፈተ። የ1963 መዝገብ... አሉ! ጎን ለጎን። የጋሽ ሚልኪያስ ጽሑፍ ድርድር ያለ፣ የሮባ ወደ ላይ የሚሮጥ። "ደስ ብሎናል። ኅዳር 1956።" አለቀስኩ። መዝገቡ ከቤተ መጻሕፍቱ አይወጣም፤ በስልኬ አነሳሁት።
ጋሽ ሚልኪያስ አሁን ምንም አያዩም። አነበብኩላቸው። "ጣቴን እሱ ላይ አድርጊልኝ" አሉ። ይዤ ስክሪኑ ላይ፣ የሮባ ስም ላይ አኖርኩት። ቀስ ብለው ከግራ ወደ ቀኝ ዳበሱት። ፎቶው ተንሸራቶ ሄደ። ጠዋት ገበያ ያነሳሁት የማቶኬ ሙዝ ክምር መጣ።
"ሮባዬ... እጁ ሁልጊዜ ይቸኩላል" አሉ፣ ማቶኬውን እየዳበሱ።
ልመልሰው ጣቴን አነሳሁ። ፈገግ ብለዋል። ተውኩት።