የለስሊ ጫማና የወይዘሪት ኤኒድ ፐርኪስ የሕይወት ታሪክ

ወይዘሪት ኤኒድ ፐርኪስ ከአባታቸው ከአቶ ዊልፍሬድ ፐርኪስና ከእናታቸው ከወይዘሮ ኤዳ ብሎር ማርች 9 ቀን 1934 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝ አገር፣ በጫማ ሠሪዎቹ ከተማ በቶርልቢ፣ ታነር ሮው በሚባለው ሰፈር ተወለዱ። አባታቸው በጫማ ፋብሪካ ቆዳ ቆራጭ ነበሩ፤ እናታቸው ደግሞ እቤታቸው ተቀምጠው የጫማ ፊት ይሰፉ ነበር። ይህን የምጽፈው የታናሽ እህታቸው የወይዘሮ ዶሪን ልጅ ጂሊያን ነኝ። አክስቴ ያልተጣራ ነገር ስለማይወዱ ቀኖቹን ሁሉ ከራሳቸው ማስታወሻ ነው የወሰድኩት፤ ስህተት ከተገኘ የኔ ነው።

ልጅነታቸው የጦርነት ዘመን ነበር። ታናሽ ወንድማቸው ለስሊ በ1942 ፌብሩዋሪ ወር ጉሮሮ በሚዘጋው በሽታ ታሞ በአራት ቀን ውስጥ ተቀጠፈ። ገና ሦስት ዓመት ከስምንት ወሩ ነበር። ልብስ በኩፖን በሚታደልበት በዚያ ጊዜ ወይዘሮ ኤዳ የልጁን ልብስ ለጎረቤት ልጆች አከፋፈሉ፤ አንድ እግር ጫማውን ግን ለማንም አልሰጡም። በአገራችን የድሮ ሰዎች የተራመዱበትን አንድ እግር ጫማ በጢስ መውጫው ግድግዳ ውስጥ ይደብቁ ነበር፤ ክፉ ነገር ወደ ቤት ሊገባ ሲል ጫማው ይይዘዋል ይባላል። በ1943 መኸር ወይዘሮ ኤዳ እናቴን አርግዘው ሳሉ፣ ሦስተኛ ልጃቸው እንዳይነካባቸው ሲሉ ከምድጃው በላይ ያለውን ጡብ ፈልቅቀው የለስሊን ጫማ ከተቱት። ኤኒድ ያኔ ዘጠኝ ዓመታቸው ነው፤ በር ላይ ቆመው ያዩ ነበር።

«አንቺ ምንም አላየሽም» አሏቸው እናታቸው።

«ምንም አላየሁም፣ እማዬ።»

ይህን ቃል ሰማንያ ዓመት ጠበቁት። እናቴ በዚያው ኖቬምበር በሰላም ተወለዱ።

ወይዘሪት ኤኒድ በዐሥራ አምስት ዓመታቸው ትምህርት አቁመው በፋብሪካው ጽሕፈት ቤት ትእዛዝ መዝጋቢ ሆኑ። በ1955 የከተማው ሙዚየም ጽዳት የሚሠራ ሰው ሲፈልግ ተቀጠሩ። ሙዚየም ማለት ያኔ በአንድ አሮጌ የጫማ ፋብሪካ ውስጥ እስከ ጣሪያው የተከመረ ዕቃ ነበር። ጫማ የሚወጠርበት የእንጨት ፎርማ፣ ወስፌ፣ የከተማው ሙዚቃ ጓድ ከበሮ፣ የጋዝ ጭንብል፣ ከመጠጥ ቤት የመጣ በገለባ የተሞላ ዓሣ፣ ሁሉም በአንድ ላይ። የማን እንደነበር የተጻፈበት አንድም አልነበረም። አክስቴ መጥረጊያውን አስቀመጡና ብዕር አነሡ። በእያንዳንዱ ዕቃ ላይ በደቃቅ ጽሑፍ ቁጥር ጻፉ፤ ለእያንዳንዱም ካርድ አወጡለት። ካርዱ ዕቃው ምን እንደሆነ፣ የማን እንደነበር፣ ማን እንዳመጣውና የት እንደተቀመጠ ይናገራል። በ1968 የሙዚየሙ ኃላፊ ሆኑ። ያወጡት ሕግ አንድ ነው፤ ቁጥር የተሰጠው ዕቃ ከሙዚየሙ አይወጣም። ከንቲባው እንኳ የአያታቸውን ምርኩዝ ለአንድ ሠርግ ልዋስ ብለው ባዶ እጃቸውን ተመልሰዋል።

በከተማችን ሰው ሲሞት ልጆቹ ካውያውን ይዘው ወደ አክስቴ ይመጡ ነበር። ዐሥራ ሰባተኛው ካውያ ሲመጣ በሩ ላይ «ካውያ ሞልቶናል፤ ስለ እናትዎ ግን ያጫውቱኝ» የሚል ወረቀት ለጠፉ። እኔ ስወለድ አባቴ «ደብቋት፣ ኤኒድ ቁጥር ሳትጽፍባት!» ብለው ነበር አሉ።

ትዳር አልመሠረቱም። ፈላጊ ግን አላጡም። አንድ ፖስታ አመላላሽ ለጋብቻ ቢጠይቋቸው «ሙዚየሙ ሰኞ ዝግ ነው፤ ሰኞ እንነጋገርበት» አሏቸው። ሰውየው ሰኞ ከች ቢሉ መወልወያ ጨርቅ ተሰጥቷቸው እስኪመሽ ድረስ ፎርማ ሲወለውሉ ዋሉ። በሚቀጥለው ሰኞ አልመጡም።

በ1973 ምክር ቤቱ ታነር ሮውን አፈረሰ። በጁን ወር አንድ አፍራሽ ሠራተኛ የዳቦ ከረጢት ይዞ ወደ ሙዚየሙ ገባ።

«ከጢስ መውጫ ውስጥ ነው የወጣው፣ እትዬ። እኔ ቤቴ አላስገባውም፤ ሚስቴ ከነጫማው ታባርረኛለች። ካልፈለጋችሁት ከፍርስራሹ ጋር ይጫናል።»

ከረጢቱ ውስጥ የሕፃን የግራ እግር ጫማ ነበር። አክስቴ ወዲያው አወቁት። ዘለበቱ ጠፍቶ አባታቸው በምትኩ የነሐስ ቁልፍ ተክለውለት ነበርና።

በዚያች ሰዓት ጫማውን በእጅ ቦርሳቸው ከተው ለእናታቸው ሊወስዱት ይችሉ ነበር። እሳቸው ግን እንዳይጠፋ ፈሩ፤ ዕቃ እንዳይጠፋ ማድረጊያ ብለው የሚያውቁት ደግሞ አንድ መንገድ ብቻ ነው። ሰውየው በሩን ሳይዘጋ ሶሉ ላይ 1973.62 ብለው ጻፉ። ካርዱ ላይ «የማን እንደነበር» ከሚለው ፊት ለፊት፣ ለእናታቸው የገቡትን ቃል አስበው «አይታወቅም» ብለው ሞሉ። በአርባ አንድ ዓመት ሥራቸው በካርድ ላይ የጻፉት ውሸት ይህ ብቻ ነው።

ጫማው በመስታወት ሣጥን ውስጥ ተቀመጠ። በሚቀጥለው ዓመት ወይዘሮ ኤዳ ለልጃቸው ምሳ ሊያደርሱ መጥተው አዩት።

«ኤኒድ፣ ይሄ የልጄ ነው። መልሽልኝ።»

«እማዬ፣ ቁጥር ተሰጥቶታል። አንዴ ከተመዘገበ አይወጣም።»

«ቤቱ መፍረሱን አውቃለሁ። የትም ግድግዳ ይሁን፣ ብቻ መልሰሽ አስገቢልኝ። እዚህ መስታወት ውስጥ ተቀምጦ ሰው ሲያየው እየዋለ እንዴት አድርጎ ይጠብቃችኋል?»

«ሕጉን ያወጣሁት እኔው ነኝ። ላንቺ ብዬ ባፈርሰው ነገ ማንን እምቢ እላለሁ?»

ወይዘሮ ኤዳ ምሳውን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠው ወጡ። ከዚያ በኋላ ከልጃቸው ጋር ሻይ ጠጥተዋል፣ ገናን አብረው በልተዋል፤ ሙዚየሙን ግን ዳግም አልረገጡም። በ1979 አረፉ። አክስቴ ከቀብሩ ተመልሰው በዚያው ቀን ጫማውን ከመስታወቱ አወጡና በነጭ ወረቀት ጠቅልለው በቢሯቸው መሳቢያ አስቀመጡት። አዲሱን ቦታውንም እንደ ልማዳቸው ካርዱ ላይ መዘገቡ።

በ1996 በጡረታ ተገለሉ። ተገለሉ ይባል እንጂ በየማክሰኞው እየመጡ በነጻ ይሠሩ ነበር፤ አሁን የሙዚየሙ ኃላፊ የሆኑትን ወይዘሮ ሄማ ሶላንኪንም ሥራውን ያስተማሯቸው እሳቸው ናቸው። ያለፈው ዓመት ሲገባደድ በልብ ድካም ታመሙ። ሐኪሞች የሚችሉትን ሁሉ አደረጉላቸው፤ አልሆነም።

ባለፈው ኦክቶበር ሆስፒታል ተኝተው ሳሉ ወይዘሮ ሄማ ሊጠይቋቸው መጡ። ለጨዋታ ያህል፣ የቢሮው ምድጃ እየተጠገነ መሆኑንና ከበላዩ ያለው ጡብ መነሣቱን ነገሯቸው። አክስቴ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ። ከዚያም እናቴና እኔ ባለንበት ሁሉንም ተናገሩ።

«1973.62 የለስሊ ነው» አሉ። «እማዬ መልሽልኝ ብላ ለመነችኝ። እኔ ሕግ አነበብኩላት።»

እናቴ ሰማንያ ዓመት ሲኖሩ ስለ ጫማው ሰምተው አያውቁም። «ለኔ ተብሎ ነው የተደበቀው?» አሉ።

«ላንቺ ነው፣ ዶሪ። እንዳትሞቺባት።»

ይሄኔ ወይዘሮ ሄማ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጡ። «እትዬ ኤኒድ፣ ዕቃው እኮ ከመዝገብ መውጣት አያስፈልገውም። ቁጥሩ እንዳለ ይቆያል። ካርዱ ላይ የተቀመጠበትን ቦታ ብቻ ነው የምንቀይረው። ግድግዳውም የሙዚየሙ ግድግዳ ነው።»

አክስቴ አፍጥጠው አዩዋቸው። ጫማውን መሳቢያ ውስጥ ሲያስገቡ በገዛ እጃቸው ያደረጉት ይህንኑ ነበር። ምድጃውም ያን ጊዜ ሁሉ ከወንበራቸው ጀርባ ነበር።

«ሃምሳ ዓመት!» አሉ። «በአንድ መስመር የሚያልቅ ነገር! እማዬን ያስቀየምኳት በዚህ ነው?»

ከዚያ አለቀሱ። አክስቴ ሲያለቅሱ ሳይ የመጀመሪያዬ ነው። እውነታቸውን ነበር። እናቴ ጫማቸውን አውልቀው አልጋው ላይ ወጡና እንደ ልጅነታቸው አጠገባቸው ተኙ።

በማግስቱ ካርዱ መጣላቸው። አክስቴ ስህተት አይፍቁም፤ «አይታወቅም» የሚለውን በአንድ ሰረዝ ሰርዘው ከጎኑ «የለስሊ ፐርኪስ፣ የኤዳ ልጅ» ብለው ጻፉና ፈረሙበት። የቦታውን መስመር ግን ለእህታቸው ተዉላቸው። ኖቬምበር 6 ቀን 2024 በተወለዱ በዘጠና ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ድካም ዐረፉ።

ወይዘሪት ኤኒድ አንዲት እህታቸውን፣ እኔን የእህታቸውን ልጅና ሁለቱን ልጆቼን፣ እንዲሁም ዐሥራ አንድ ሺህ አራት መቶ ስምንት ባለ ቁጥር ዕቃ ትተውልን ሄደዋል። የእነዚያን ዕቃዎች ባለቤቶች የምታውቁ፣ የእናታችሁንም የአያታችሁንም ስም ከመረሳት ያተረፉት እሳቸው ናቸው።

ሥርዓተ ቀብራቸው ከእናታቸውና ከለስሊ መቃብር አጠገብ ከተፈጸመ በኋላ በእግር ወደ ሙዚየሙ እንሄዳለን። ሻይና ሳንድዊች ይኖራል። የቢሮውን ምድጃ የሚጠግነው ግንበኛ ሥራውን አቁሞ እየጠበቀን ነው፤ ጫማው ይገባል፣ የመጨረሻውን ጡብ እናቴ ያኖራሉ፣ ካርዱንም ይሞላሉ። የምትችሉ ሁሉ አብራችሁን ቁሙ።

አምላክ የአክስቴን ነፍስ ከእናታቸው ጋር ያስታርቅልን፤ ለስሊንም በመካከላቸው ያኑርልን። አሜን።