መኪና የሌለበት እሑድ

ኅዳር 18 ቀን 1966፣ ማክሰኞ

ዝናብ። ልብስ አልደርቅ አለ። የትልቁን ልጅ የምናለን ካልሲ ምድጃው አጠገብ አንጠልጥዬ አንዱን አሳረርኩት። እትዬ ብርሀንነሽ አዩና "ምነው ፈንታዬ፣ ልብሽ የት ነው?" አሉኝ። የት ይሆናል... አገሬ፣ መካነ ሰላም ነዋ። እንዲህ ግን አላልኩም። "ይቅርታ እትዬ" አልኩ።

ትንሿ ብዙዬ ከትምህርት ቤት ስትመጣ ጣልያንኛዬን ታርመኛለች። አምስት ዓመቷ ነው እንግዲህ። የኔዋ ሐረግ ስድስት ሞልቷታል። ብዙዬን ሳጥብ፣ ሳበጥር፣ ጫማዋን ሳስር የማስበው ሐረግን ነው። ማን ያበጥራት ይሆን? እናቴ እንደሆነ ዓይኗ ደክሟል።

ከወንድሜ ከአራጌ ከሰኔ ወዲህ ወሬ የለም። ገበያ በወጣ ቁጥር ደብዳቤ የሚያስጽፍልኝ ሰው ነበር። እትዬ "የፖስታ ነገር ነው፣ አታስቢ" ይሉኛል። አታስቢ ማለት ቀላል ነው፤ የሳቸው ልጆች ጎን ለጎን ተኝተዋል።

ኅዳር 21፣ ዓርብ

ዛሬ ጽዮን ማርያም ናት። ሰው አገሩ ሲያነግሥ ይውላል፣ እኔ ሮማ ተቀምጬ ሳህን ሳጥብ ዋልኩ።

ኅዳር 23፣ እሑድ

ዛሬ ሮማ መኪና የለም። ዓረቦቹ ነዳጅ ከለከሉ፣ መንግሥትም እሑድ እሑድ ማንም እንዳይነዳ አዘዘ አሉ። ጋሼ ገበየሁ ዛሬ ኤምባሲ አይገቡም፤ ጧት ጋዜጣቸውን አጠፉና "እንግዲህ ዛሬ ከተማውን በእግራችን እንይ፣ ቤተሰቡ በሙሉ" አሉ። እትዬ ወደኔ ዞረው "አንቺም ቤተሰብ ነሽ፣ ተነሺ" አሉኝ። ከዚያ የልጆቹን ሹራብ፣ ውኃውን፣ ብስኩቱን፣ የፎቶ ማንሻውን አሸከሙኝ። ቤተሰብነት እንዲህ ከሆነ በቅሎም ቤተሰብ ናት።

መንገዱ ሁሉ ሰው። በፈረስ የሚሄድ አለ። ብስክሌት፣ ጫማው ሥር ጎማ ያሰረ ጎረምሳ፣ ልጁን ትከሻው ላይ ያወጣ አባት። ይስቃሉ፣ ይዘፍናሉ። ቸገረን ብሎ እንዲህ የሚደሰት ሕዝብ አላየሁም። የታደለ ችግር! ለኔ ግን ገበያ መሰለኝ። የፈረሱ ኮቴ ድንጋዩን ሲመታው ስሰማ ከአገር ቤት ከከላላ የመጣ ሰው ያለ መስሎኝ ዞር ብዬ አየሁ። ምን ዓይነት ሞኝ ነኝ?

ያን ትልቁን ክብ ፍርስራሽ አየን። ጋሼ ለልጆቹ ያወራሉ... ድሮ ሰውና አንበሳ ይታገሉበት ነበር።

ምናለ "ማን ያሸንፍ ነበር?"

"አንበሳው ነዋ።"

"ሁልጊዜ?"

"ብዙውን ጊዜ።"

ከዚያ ፎቶ። የማነሳው እኔ ነኝ። አራቱ ተቃቅፈው ቆሙ። "እግራችንን እንዳትቆርጪው" አሉ እትዬ። አልቆረጥኩትም። እኔ ያለሁበት ፎቶ ግን ከዚህ አገር አንድም የለኝም። ሐረግ መልኬን በምን ታውቀው ይሆን?

አይስክሬም ተገዛ። ጾም ነው፣ ወተት አለበት። ብዙዬ "ፈንቲ ቅመሺ፣ ፈንቲ ቅመሺ" እያለች አፌ ድረስ አመጣችው። እትዬ "በሰው አገር እግዜርም አይቆጣጠርም" ብለው ሳቁ። ሆዴን አሞኛል አልኩ።

ከዚያ የአክሱም ሐውልት ጋ ደረስን። ጣልያን ነቅሎ ያመጣው። በአውቶቡስ ሳልፍ አየዋለሁ እንጂ ቀርቤው አላውቅም ነበር። ጋሼ ባርኔጣቸውን አወለቁ። እኔ ምን እንደነካኝ እንጃ... ሸክሜን አስቀመጥኩ፣ ጫማዬን አወለቅኩ፣ ሻርፔን እንደ ነጠላ አጣፋሁና ሄጄ ተሳለምኩት። ጽዮን ሳላያት አለፈችኝ፣ እሱ ደግሞ ከሷ አገር የመጣ ነው። "ተድባበ ማርያም፣ ሐረግን ጠብቂልኝ፤ እናቴን፣ አራጌን፣ መላ ቦረናን..." ለካ ጮክ ብዬ ነው። ድንጋዩ ይቀዘቅዛል፣ የመኪና ጭስ ይሸታል።

"ኧረ ፈንታዬ፣ ታቦት አይደለም እኮ! የነገሥታት መቃብር ነው" አሉ ጋሼ። ምናለም ሳቀ። ይሳቁ። ዘመድ ከዘመዱ፣ አህያ ካመዱ።

እዚያው ወረቀት የሚያድሉ ያበሻ ተማሪዎች ነበሩ። አንዱ ጸሎቴን ሰምቶ ኖሮ መጣ። ቀጭን ልጅ፣ ኮቱ ሰፍቶታል።

"እኅቴ፣ ቦረና ስትይ ሰማሁ። ከወሎ ነሽ?"

"አዎ፣ መካነ ሰላም።"

"ካሳ እባላለሁ" አለና ወረቀቱን ሰጠኝ። ፎቶ አለበት።

አየሁት። ሴትዮ መሬት ላይ ተቀምጣለች። ጭኗ ላይ ልጅ አለ... ልጅ ማለት ከተቻለ። ከጎኗ ሌላ ሴት ልጅ ቆማለች፣ የሐረግን የምታህል። ሐረግ አይደለችም። ደግሜ አየሁ። አይደለችም። የሴትዮዋ ቀሚስ ግን፣ መቀነቷን ያዞረችበት አኳኋን... የኛው ነው።

"ወሎ ረኀብ ገብቷል" አለ ካሳ። "ሰው እንደ ቅጠል እየረገፈ ነው። መንግሥት ደብቆታል።"

"ቦረናስ?"

"ወሎ በሙሉ..."

"ቦረናስ አልኩህ? መካነ ሰላም?"

ካሳ ወረቀቶቹን አገላበጠ። አዲስ አበባ ያደገ ነው፣ አያውቀውም። "ቅዳሜ ስብሰባ አለን፣ መጥተሽ ስላገርሽ ብትናገሪ..." አለኝ። ምን ልናገር? የማውቀው ምን አለና? እኔ ያለኝ ጥያቄ ብቻ ነው።

ጋሼ መጡ። ወረቀቱን ከእጄ ወስደው ጨማደዱት። "አገርህን በሰው ፊት ማዋረድ አታፍርም?" አሉት። "የሚያዋርደን ረኀቡ አይደለም ጌታዬ፣ መደበቁ ነው" አላቸው፣ ድምፁን እንኳ ከፍ ሳያደርግ።

መኪና ቢኖር ጭነውን ውልቅ ይሉ ነበር። መኪና የለም። ያን ሁሉ መንገድ በእግራችን ተመለስን። ምናለ "አባዬ፣ እነዚያ ያገራችን ሰዎች ናቸው?" አለ። "አይደሉም። የሕንድ ፎቶ ነው" አሉ ጋሼ። እኔ ከኋላ ሸክሜን ይዤ... በግራ በቀኝ ሰው ይስቃል፣ ይጋልባል። ሮማ ከመጣሁ እንደዛሬ ብቻዬን ሆኜ አላውቅም። ለማን ልንገረው? ቢያንስ ወረቀቱን ቢተውልኝ ምን ነበረበት?

ኅዳር 24፣ ሰኞ

እትዬን ኩሽና ውስጥ ጠየቅኋቸው። "አገሬ ልግባ እትዬ። ልጄን ልያት።"

"ልጆቹን ማን ይያዝልኝ? ትንሽ ታገሺ፣ ነገሩ ሲረጋ ራሴ እልክሻለሁ።"

ፓስፖርቴ ጋሼ መሳቢያ ውስጥ ነው፣ ይቆለፋል። እትዬ ይህን ብለው ሲጨርሱ ዞር ብለው ዓይናቸውን ጠረጉ። የሕንድ ከሆነ ምን ያስለቅሳል?

ታኅሣሥ 29፣ ሰኞ

ገና። ዶሮ ሠራሁ። ቀምሼ ተውኩት።

ከትናንት በስቲያ ካሳን አትክልት ተራ አገኘሁት። ስለ ቦረና ሰው ጠይቆልኝ ነበር። "የደሴ ወሬ አለ፤ ከደሴ ወዲያ ግን የሚያውቅ አጣሁ" አለኝ። ያው ምንም ማለት ነው። ግን ጠየቀልኝ። የሚጠይቅልኝ ሰው መኖሩ ደስ ብሎኝ ቲማቲሙን እዚያው ረስቼው መጣሁ።

የካቲት 21፣ ሐሙስ

አዲስ አበባ ሚኒስትሮቹ ወረዱ አሉ። ጋሼ ሬዲዮኑን ጆሯቸው ላይ ለጥፈው ዋሉ። እራት አልበሉም። ዛሬ እሳቸውም ያገር ወሬ ራባቸው።

ሐምሌ 9፣ ማክሰኞ

ባለሥልጣን እየታሰረ ነው። ጋሼንም ወደ አገር ና ብለዋቸዋል። አይሄዱም። ስዊስ ዘመድ አላቸው፣ ወደዚያ ሊሻገሩ ነው።

እትዬ ጠሩኝ። "ፈንታዬ፣ እንግዲህ አንቺን ይዞ መሄድ አይመችም።" ፓስፖርቴንና የአውሮፕላን ቲኬት እጄ ላይ አስቀመጡ። ያን ያህል ለምኜ ያጣሁት ይኸው። ደስ ሊለኝ ሲገባ ከፋኝ። ሞኝነት ነው፣ አውቃለሁ። አንዴ "ቅሪልን" ቢሉኝ እምቢ እላቸው ነበር... እምቢ ማለቱን እንኳ ነፈጉኝ።

ሐምሌ 20፣ ቅዳሜ

ብዙዬ ቀሚሴን ይዛ አለቅም አለች። ጣቶቿን አንድ በአንድ አላቀቅኩ። የዛሬ ሦስት ዓመት መካነ ሰላም የሐረግንም እንዲሁ ነው ያላቀቅኩት። ለሷው እንጀራ ብዬ ነበር። አውሮፕላን ውስጥ ጎኔ የተቀመጠው ሰውዬ ጉንፋን የያዘኝ መስሎት መሐረብ ሰጠኝ።

ነሐሴ 14፣ ማክሰኞ

ደሴ። መጠለያ ከተባለው ሁሉ ገባሁ። ሰው ፊት ለፊት ቆሜ ፊቱን አያለሁ፣ እነሱም ዝም ብለው ይታዩልኛል። አራጌን የሚያውቅ የለም። ከቦረና የመጣ ሽማግሌ አገኘሁ፣ "እናትሽ ማን ናት?" አሉኝ። "እታገኘሁ" ስላቸው ራሳቸውን ነቀነቁ። አላወቋት ይሁን አውቀዋት... ደግሜ አልጠየቅኋቸውም። ፈራሁ።

ነሐሴ 24፣ ዓርብ

ደረስኩ። ከአቀስታ ወዲህ ክረምቱ መንገዱን በልቶታል፣ በእግሬ ነው የመጣሁት።

ቤታችን ጣራው ወርዷል። ጎረቤታችን እትዬ ወርቂቱ ወጥተው ሲያዩኝ ጮኹ። እናቴ ባለፈው ጥቅምት አርፋለች። እኔ ያንን ድንጋይ ተሳልሜ ጠብቂልኝ ስል እሷ አፈር ለብሳ ነበር። አራጌ ሥራ ልፈልግ ብሎ ወደ ደሴ ወርዶ አልተመለሰም።

ሐረግስ? ማለት አቃተኝ። ወርቂቱ ገባቸው። "አለች፣ አለች! ከተማ ናት። ጨው የምትነግደው ሩቂያ ዘንድ። እናትሽ አቅም ሳያንሳት ራሷ እጇን ይዛ ወስዳ ነው ያስረከበቻት።"

አለች። አለች። ሌላ የምጽፈው የለኝም።

ነሐሴ 25፣ ቅዳሜ

ሱቁ በር ላይ ቆማ ጨው ታነሣለች። ረዝማለች። ሻሽ አስራለች። "ሐረግ" አልኩ። ሽቅብ አየችኝና ወደ ውስጥ "እማዬ! ሰው መጥቷል" አለች።

ሰው።

ሩቂያ ወጣች። ጠና ያለች ሴት፣ ልጅ የላትም። ማን ነሽም አላለችኝ። "አብሽሪ እኅቴ፣ አብሽሪ። አልሐምዱሊላህ፣ መጣሽ" ብላ አቀፈችኝ። አለቀስኩ። ስለ እናቴም፣ ስለ አራጌም፣ ስለዚያ "ሰው" ስለሚለውም።

ከዚያ የሐረግን አንገት ገልጣ አሳየችኝ። ማተብ። አዲስ ነው። "የድሮው ተበጠሰ። ቄሱን ጠይቄ ሌላ አስመጣሁላት" አለች። "የአደራ ልጅ ሃይማኖት አይነካም። ለፋሲካም ከወርቂቱ ጋር ቤተ ክርስቲያን ልኬያታለሁ፣ ወላሂ።" እግሯ ላይ ወደቅኩ። "ተይ፣ ተነሺ፣ ገበያተኛ ያየናል" አለችኝ።

ምሳ ከበላን በኋላ ሳልጠይቃት ተነሥታ የልጅቱን ልብስ መቋጠር ጀመረች። "ልጅሽ ናት፣ ውሰጃት" ትላለች፤ ቋጠሮው ግን አልታሰር አላት። ሐረግ ሄዳ የሩቂያን ቀሚስ ጨብጣ ያዘች። ጣት ማላቀቅ እኔ አውቅበታለሁ። ሁለት ጊዜ አድርጌዋለሁ። ዛሬ ግን እጄ አልሄድልኝ አለ።

"ተይው ሩቂያ፣ ትቆይ" አልኩ።

መስከረም 4 ቀን 1967፣ ቅዳሜ

ጃንሆይ ወረዱ አሉ። ከተማው ሬዲዮ ያለው ቤት በር ላይ ተሰብስቦ ይውላል። አንዱ ይደሰታል፣ አንዱ ይፈራል። ጨው ገዢ ግን አልጎደለም።

አዲስ አበባ ሥራ ሊያስገባኝ የነበረ ሰው ነበር፣ ቀርቻለሁ ብዬ ላክሁበት። ሩቂያ የጓሮዋን ክፍል ለቀቀችልኝ። ቀን ሱቅ እረዳታለሁ። ሐረግ የምትተኛው ከሷ ጋር ነው። ሲመሽ ከግድግዳው ማዶ ሲሳሳቁ እሰማለሁ... እሱ ነው የሚከብደኝ። ሮማ ቢሆን የሌላ ሰው ልጅ ናት እል ነበር። ጧት ጧት ግን እንዳበጥራት ትፈቅድልኛለች። አታወራኝም፣ ትቀመጥልኛለች።

ዛሬ ጨው ስመዝን እሷና የጎረቤት ልጅ በር ላይ ይጫወታሉ። ልጅቱ ወደኔ ጠቁማ "ይቺ ሴትዮ ማናት?" አለቻት።

"እናቴ ናት" አለች ሐረግ።

ሚዛኑን ይዤ ቀረሁ።

"እትዬ ሩቂያስ?"

"እሷማ እማዬ ናት።" ይህን የማያውቅ ሰው አለ ወይ በሚል ድምፅ።

ቀናሁ። ለማን እናገራለሁ፣ እዚህ ልጻፈው፤ ቀናሁ። ሩቂያ ባትኖር ግን የምቀናበት ልጅም አይኖረኝም ነበር።