አረንጓዴዋ መኪና ከመንገድ የወጣች ቀን

ኤፕሪል 4፣ ማክሰኞ

ጠዋት ልጆቹን በአውቶቡስ መዋዕለ ሕፃናት አደረስኩ። አውቶቡሱን አጥቤ ቤት ገባሁ። ከዚያ እስከ ምሳ አረንጓዴዋ ላይ ነበርኩ። የስልሳዎቹን የእንግሊዝ ስፖርት መኪና በክንድ ልክ አሳንሼ፣ በሪሞት እንድትነዳ አድርጌ መሥራት ከጀመርኩ ሰባት ወር ሆነኝ። ሞተሯ ገብቷል፣ ጎማዋ ገብቷል። የቀረው ከአፍንጫዋ እስከ ጭራዋ የሚሄደው ነጭ መስመር ነበር። ሦስቴ ቀባሁ፣ ሦስቴ ጠረግሁ። ይጣመምብኛል። በመጨረሻ ቀጥ አለልኝ።

ሚስቴ ፉሳኤ ሻይ ይዛልኝ ገባች። አይታ ሳቀች።

«አንተ ሰውዬ፣ እባብ ነው እንዴ የሳልከው?»

«ቀጥ ያለ አይደለም?»

«ትቀልዳለህ?»

አዎ፣ እየቀለድኩ ነው አልኳት። ሠላሳ ስድስት ዓመት ከዚህች ሴት ጋር ኖሬ... ለምን ዋሸኋት?

ኤፕሪል 6፣ ሐሙስ

የመታጠቢያ ቤቱን ግድግዳ በቀኝ ዓይኔ ብቻ አየሁት። ከዚያ በግራ። የሴራሚኩ መስመር መሃል ላይ ይጎብጣል። ድካም ነው።

ኤፕሪል 9፣ እሑድ

የሪሞት መኪና ክለባችን እንደ ሁልጊዜው አቤ ወንዝ ዳር ተሰብስቦ ነበር። ቶኩሚትሱ የመኪኖቹ መታጠፊያ ላይ ቆሟል፣ የተገለበጠ መኪና ሊያነሳ። ሰባ ሁለት ዓመቱ ነው፣ ግን ይህን ሥራ ለማንም አይሰጥም። አረንጓዴዋን በሙሉ ኃይል ለቀቅኳት። እየበረረች ሄዳ ቁርጭምጭሚቱን መታችው። ሲሚንቶው ላይ በጎኑ ወደቀ። ድምፁ...

አላየሁትም። እሱ የቆመበት ቦታ ግራጫ ነገር ነበር።

ሁሉም «ምን ሆነ?» እያለ ሮጠ። እኔ ምን አልኩ?

«ሪሞቱ እምቢ አለኝ! የሆነ ሰው በኔ ሞገድ ከፍቷል!»

ሁለት ሰው በአንድ ሞገድ ሪሞት ከከፈተ መኪና ያብዳል፣ ይህን ሁላችንም እናውቃለን። ለዚያ ነው የሞገድ ቁጥራችንን ሰሌዳ ላይ ሳንሰቅል የማንከፍተው። ዞር ሲሉ ኔዙ ድንኳኑ ውስጥ ሪሞቱን ከፍቶ ይዟል። ቁጥሩን አልሰቀለም። ኔዙ ፀጉር አስተካካይ ነው፣ ክረምቱ ላይ ነው የተቀላቀለን። ዝምተኛ።

«ባትሪ እየሞከርኩ ነበር... የኔ ሌላ ቁጥር ነው መሰለኝ» አለ።

ያቺ «መሰለኝ» ጨረሰችው።

ቶኩሚትሱ ዳሌው ተሰብሯል።

ኤፕሪል 10፣ ሰኞ

የኔ ሞገድ ስድስት ቁጥር ነው። የኔዙ ዘጠኝ። ዘጠኝን የመረጥኩለት እኔ ነኝ። ሌላ ማንም አላጣራም።

ኤፕሪል 16፣ እሑድ

ሆስፒታል ሄድኩ። ቶኩሚትሱ ከስቷል፣ ምላሱ ግን ያው ነው።

«መኪናህ አፍንጫዋ ተሰበረ አሉ? የኔ ዳሌ ይቅር፣ እሷ ታሳዝናለች!»

በሩ ተንኳኳ። ኔዙ ነበር። የቶኩሚትሱ ሚስት ይዞ የመጣውን ፍራፍሬ ተቀበለችውና በሩን መለሰችበት። «በየቀኑ ይመጣል» አለች። «ምን ፊት አለው?»

ቃሉ አፌ ላይ ነበር። ከሻይዋ ጋር ዋጥኩት።

ኤፕሪል 21፣ አርብ

ኔዙን ከክለቡ አስወጡት። የሚስማማ እጁን ያውጣ ተባለ።

አወጣሁ።

ሜይ 9፣ ማክሰኞ

ዛሬ የሆነውን እንዴት ልጻፍ? አበቃ። ልጻፈው።

ድልድዩ ማዶ ያለው ፌርማታ ላይ ስንደርስ ሞሪዋኪ፣ አውቶቡሱ ላይ አብራኝ የምትሄደው አስተማሪ፣ «አቶ ሂኮሳካ! አለፍናቸው እኮ!» ብላ ጮኸች። ፍሬን ያዝኩ። በመስታወቱ ዳር አየኋቸው። አንዲት እናት ልጇን ወደ ኋላ ስባ ደረቷ ላይ አጣብቃዋለች። ቢጫ ኮፍያው አስፋልቱ ላይ ወድቋል። ለካ ልጁ እጁን እያውለበለበልኝ ወደ አውቶቡሱ እየመጣ ነበር። ፊት ለፊቴ። ቢጫ ኮፍያ አድርጎ!

ከኋላዬ አሥራ አንድ ልጆች ይዘፍኑ ነበር።

ሞተሩን አጠፋሁ። ቁልፉን ነቅዬ ለሞሪዋኪ ሰጠኋት።

«አመመዎት እንዴ?»

«አይታየኝም» አልኳት። «ከቆየ ቆይቷል። ሌላ ሹፌር ጥሪ።»

ሜይ 11፣ ሐሙስ

ከፉሳኤ ጋር የሄድንበት የዓይን ሐኪም ወጣት ነው፣ ቀስ ብሎ ይናገራል። መሃሉ እየጠፋ ነው፣ ዳር ዳሩ ይቀርልዎታል፣ የጠፋው ግን አይመለስም አለኝ።

ቤት ስንገባ ለፉሳኤ የቀረውን ነገርኳት። ስለ ኔዙ። ሩዝ እያጠበች ነበር። አጥባ ጨርሳ እንደገና ማጠብ ጀመረች።

«ስለ ዓይንህ ብትደብቀኝ ይገባኛል» አለች፣ ዞር ሳትል። «ፈርተህ ነው። ያንን ሰው ግን... እጅህን አወጣህ?»

«አወጣሁ።»

ራት አብራኝ አልበላችም።

ሜይ 13፣ ቅዳሜ

ኔዙ ሱቅ ሄድኩ። አንድ ደንበኛ ፊቱ ላይ ፎጣ ጥሎ ተኝቷል። በሩ ላይ እንደቆምኩ ተናገርኩ። ሪሞትህ ምንም አላደረገም፣ ሰውየው አልታየኝም ነበር፣ አውቄ ነው የዋሸሁት።

ምላጩን መሳል አቆመ።

«በየቀኑ ሪሞቱን እፈታው ነበር» አለ። «እፈታና እገጥማለሁ። ምኑ ተበላሽቶ ነው ሰው የሰበርኩት እያልኩ።»

«አቶ ኔዙ፣ ይቅር—»

«እዚህ አይንገሩኝ። እነሱ ፊት ነው የዋሹት፣ እነሱ ፊት ይንገሩ።»

ወደ ደንበኛው ዞረ።

ጁን 11፣ እሑድ

በወፍራም እስክሪብቶ ነው የምጽፈው። ገጹ ላይ የሚገባልኝ ስድስት መስመር ነው።

ክለቡ ወደሚሰበሰብበት ወንዝ ዳር በአውቶቡስ ሄድን። ፉሳኤ ክንዴን ይዛኛለች። ቶኩሚትሱም ዛሬ በክራንች መጥቷል፣ እሱን ስጠብቅ ነው ይህን ያህል የቆየሁት። ሁሉም ፊት ተናገርኩ። ሞገዱን፣ ቁጥሩን፣ ያወጣሁትን እጅ። ሊቀመንበሩ ጉሮሮውን ጠረገ።

ቶኩሚትሱ ግን፦ «የተቀየምኩህ ስለ ዳሌዬ አይደለም። ሚስቴ በሩን ስትዘጋበት አጠገቤ ቁጭ ብለህ ትሰማ ነበር።»

«እሰማ ነበር።»

«እንግዲህ ለጊዜው ቤቴ አትምጣ» አለ። ሠላሳ ዓመት ሲቀልድብኝ የኖረ ሰው። አልቀለደም።

ኔዙ ከዛፎቹ ሥር ቆሞ ነበር፣ ሊቀመንበሩ ነው ያስጠራው። ሁሉም ጎንበስ ብለው ይቅርታ ጠየቁት። እሱም ጎንበስ አለ። መኪናውን ግን አላመጣም።

ልንሄድ ስንል ወደ እኔ መጣ። ፊቱን በቀጥታ ሳየው ይጠፋብኛል፣ ዞር ብዬ በዓይኔ ጥግ ነው ያየሁት። ሊሰድበኝ ነው ብዬ ጠበቅኩ።

«በግራ በኩል ጺምዎን ሲላጩ ስተውታል» አለ።

በእጄ ዳሰስኩት። እውነቱን ነው።

«ሐሙስ ሱቄ ሰው አይበዛበትም» አለና ሄደ።