ከድምፄ በኋላ ያለውን ስሚልኝ

ይድረስ ለምወድሽ ለእህቴ ለአምሳለች፣ ቤይሩት።

እታለም፣ ጤናሽ እንዴት ነው? ያ የሚያምሽ ወገብሽ ተሻለሽ? እመቤትሽስ እሑድ እሑድ ታሳርፍሻለች ወይ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን ብዬ ልጀምር ነበር፤ ብዕሬ እምቢ አለኝ። እንዳትደነግጪ ብዬ ደብቄሽ ነው እንጂ አባባ ከኅዳር ወዲህ ቀኝ ጎናቸው አልታዘዝ ብሏቸዋል፤ አንደበታቸውም ተይዟል። ማሲንቆው ግድግዳ ላይ እንደተሰቀለ ነው።

ወዳጆቻቸው ግን አልተዉአቸውም። በገበያ ቀን ይመጡና አልጋቸው አጠገብ ተቀምጠው ያንኑ የድሮ ክርክራቸውን ይጀምራሉ፤ ከአባባ ጨዋታ የትኛው ይበልጣል እያሉ። እህል ነጋዴው መንግስቴ ከሞጣ በመጣ ቁጥር የሞጣውን ሠርግ አንደኛ ያደርጋል፤ ሙሽራዋ ዘፈኑ ሳያልቅ በቅሎ ላይ አልወጣም ያለችበትን። ልብስ ሰፊው ፋንታ ደግሞ ከብቸናው የጥር ጊዮርጊስ ወዲያ ጨዋታ የለም፣ ሞጣ ሦስተኛ ከወጣም ይበቃዋል ይለዋል። የማሲንቆው ጭራ ሲበጠስ ከአንድ ጉግስ ተጫዋች ፈረስ ጅራት ነጭተው፣ ወጥረው፣ ዘፈኑን ካቆሙበት የቀጠሉበትን ቀን ማለቱ ነው። አንቺም እልል እያልሽ ካሴት ላይ የተቀዳሽበት።

ባለፈው ቅዳሜ በቃ ካሴቱ ይፍረደን ተባባሉ። አባባ ይህን ሲሰሙ ዓይናቸው በራ፤ በግራ እጃቸው ወደ ሣጥኑ አመለከቱኝ። ስከፍተው ጊዮርጊስ ተብሎ የተጻፈበት የካሴት ማኅደር ባዶ ነው። ያን ጊዜ ትዝ አለኝ። በጥቅምት የድምፅ ደብዳቤ ስልክልሽ፣ ቴፑ ውስጥ የነበረውን ካሴት አውጥቼ ሳላይ ነው የቀዳሁበት። ራስ ሲመለጥ አፍ ሲያመልጥ አይታወቅም። ስለ ጤፍ ዋጋና ስለ ላሟ መውለድ ስለፈልፍ አባቴን አጠፋኋቸው! መንግስቴ እንኳ መሬት መሬት እያየ ግዴለም የብቸናው አንደኛ ይሁን አለ። ፋንታ ደስ አላለውም። አባባ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዞሩ፤ ከዚያ ወዲህ ከአጥሚት በቀር አይቀምሱም።

አሁን አንድ ነገር ብቻ ቀርቶኛል፤ እሱንም ብዙ አላምነውም። የካሴቱን ሁለተኛ ገጽ ሳጋምሰው ወሬ አልቆብኝ መቅዳቱን አቁሜአለሁ። እባክሽ ድምፄ ሲያበቃ ቴፑን አትዝጊው፤ የተረፈ ካለ ስሚልኝ። እንደ ልማዳችን መልስሽን እዚያው ላይ ቀድተሽ ካልላክሽው ማለቴ ነው። ካልቀዳሽበት ግን፣ ድምፅሽ የራበን ብንሆንም፣ አደራ አንዲት ቃል አትናገሪበት። ለሚመጣ ሰው ስጪልን።

እማማ ስምሽን ሳይጠሩ አይውሉም። ልጄ ሉሊት አድጋለች፣ እጅሽን ስማለች። ፋንታና መንግስቴም ሰላም ብለውሻል። አባባ ሰላም ብለውሻል ብዬ ግን አልዋሽሽም። ባዶውን የካሴት ማኅደር በግራ እጃቸው ይዘው፣ ብንለምናቸውም አልሰጥ ብለውናል።

ወንድምሽ አስናቀው
ብቸና፣ የካቲት 3 ቀን 1994 ዓ.ም.