አባባና የጽድ ሰጋቱራ

ወንድምዓለም፣ ናፍቆቴ ከሰላምታዬ ቀድሞ ይድረስህ። እኛ ደህና ነን።

አባባ እንጨት ሲሠራ በሰጋቱራው ላይ ስንንከባለል ትዝ ይልሃል? ዛሬ እኔ በምሠራበት ፋብሪካ ሰጋቱራ ነዳጅ ይሆናል! አግለው እንፋሎቱን ካታሊስት በሚሉት ዱቄት ላይ ያሳልፉታል። ዱቄቱ ቁርጥ አክስታችንን ነው፤ ራሱ ንቅንቅ ሳይል ሌላውን ይለውጣል።

አባባ ዓይኑን ጨፍኖ የእንጨቱን ዓይነት አሽትቶ ይለይ አልነበር? ከሥራ ስመለስ እፍኝ ሰጋቱራ አመጣለታለሁ። ትናንት የሚወደውን ጽድ አሸተተና፣ «ሳሙና ነው?» አለኝ። ቀልድ መስሎኝ ሳቅሁ። ቆይቶ፣ «ና መጋዙን ያዝልኝ» ብሎ በአንተ ስም ጠራኝ። «አቤት አባባ» አልኩት።

በል ደህና ሁንልኝ፤ ሥራህ ይቃናልህ። ፈቃድ ካገኘህ ግን ቶሎ ናና አንተው አቤት በለው።

እህትህ